የቀጨሞ ምንጭና የእታለማሁ ዛፎች

ዘንገና አጠገብ፣ ኅዳር 18 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለመሪጌታ ስማቸው፣ ጎንደር

እንዴት ከርመሃል። በክህነትህ አንቱ ልልህ ይገባ ነበር። ነገር ግን ለቆሎ ተማሪነት ከቤት ስትወጣ ስንቅህን ተሸክሜ እስከ ዳንግላ የሸኘሁህ እኔ ነኝ፤ አህያ ስትፈራም አይቼሃለሁ። ስለዚህ አንተ እያልኩ እጽፋለሁ። አንተ እንደ ልማድህ አንቱ በለኝ።

ደብዳቤ ሲጻፍ «ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ» ማለት ደንብ ነው ይላሉ። እኔ ደህና መሆኔን አላውቅም። ጉልበቴ ደህና ነው፣ ድንቹ ደህና ነው፣ ላሟም ወልዳለች። ከእህትህ ከእታለማሁ ተዝካር ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍኩልህም። ይቅርታ መጠየቅ አልለመደብኝም፤ እንደተጠየቀ ቁጠረው።

በስልክ የማልነግርህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ። ባለፈው ደውዬ ላሟ ወለደች ብልህ «ነፍስ ይማር» አልከኝ። ጆሮህ ከደከመ ወዲህ ስልኩ ለሁለታችንም ኃጢአት ነው። ይህን ወረቀት የሚያመጣልህ ሙሄ ነው፤ እንጅባራ ሱቅ ያለው፣ ድንች ጭኖ ጎንደር የሚመላለሰው። «ልጄ ይጻፍልዎት» አለኝ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ፊደል ገና አብሮኝ አለ አልኩት።

ጉዳዬ የቀጨሞ ምንጭ ነው። ከጓሮዬ ማዶ ያለችው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚቀዳባት፣ በጥምቀት ታቦቱ የሚወርድባት። ዙሪያዋን የቆሙትን ባሕር ዛፎች እህትህ እንደ ተከለቻቸው ታስታውሳለህ። አንተ ለእረፍት መጥተህ ደጃፍ ላይ ዳዊት ስትደግም ሰምታህ «ምን ማለት ነው» አለችህ። ጻድቅ ሰው በፈሳሽ ውሃ ዳር እንደ ተተከለ ዛፍ ነው፣ ቅጠሉም አይረግፍም ማለት ነው አልካት። ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣች። ቅጠሉ የማይረግፍ ዛፍ እያለች ስትዞር ከጥሊሊ ገበያ የባሕር ዛፍ ችግኝ ይዛ መጣች። በበጋ በቅል እየቀዳች አጠጣቻቸው። እግዚአብሔር ልጅ አልሰጠንም፤ ያሳደገቻቸው እነሱን ነው።

አሁን ይቆረጡ ይላሉ። የእድሩ ዳኛ ሽባባው ሽማግሌ አስከትሎ መጣ።

«ጋሽ ይሄነው፣ ምንጯን ዛፉ እየጠጣት ነው» አለኝ።

«ዛፍ በምን አፉ ይጠጣል?»

«በሥሩ ነዋ።»

«ያንተ አጥር ላይ የቆመው ባሕር ዛፍ ታዲያ ምን ይጠጣል፣ ጠላ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም። ከግብርና የምትመጣው ልጅም፣ ሀይማኖት ትባላለች፣ ባሕር ዛፍ ከምንጭ ዳር ይራቅ ተብሏል አለች። ማን እንዳለ ብጠይቃት ጥናት ነው አለችኝ። ጥናት የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። እስከ ጥምቀት ካልቆረጥክ እኛ እንቆርጣለን ብለው ሄዱ።

የምለምንህ ይህን ነው። ዛፍን በውሃ ዳር መትከል ጽድቅ ነው፣ የዳዊቱ ቃል እንዲህ ይላል ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ። የደብሩ ማኅተም ቢያርፍበት ደግሞ መልካም። ለሽባባው ጮክ ብዬ አነብለታለሁ።

ይሄነው አዝመራው

---

ዘንገና አጠገብ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ስማቸው

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ማኅተም የለበትም። ገልብጬም አየሁት፣ በጀርባውም የለም። እኔ ማኅተም ለመንኩህ፣ አንተ ጥያቄ ላክህልኝ። ድሮም ሰው ዳቦ ሲጠይቅህ ስለ ስንዴ ታስተምር ነበር።

ይሁን፣ ልመልስ። ከምንጩ በታች ማን ይጠጣል ላልከኝ፣ ምህረቴ ትጠጣለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ጎመንና ሽንኩርት የምታለማዋ። ከእሷ በታች ቢሻው ከብቶቹን ያጠጣል። ከእሱ በታች ያሉትን አላውቃቸውም። ድሮ ውሃው እስከ የት ይሄድ ነበር ላልከኝ፣ አላስታውስም። አስታውሳለሁ እንጂ። በበጋ እንኳ በምህረቴ ጎመን መሐል አልፎ መንገዱን ያቋርጥ ነበር። አሁን ጎመኑ ላይ አይደርስም። እታለማሁ ብትኖር ምን ትል ነበር ላልከኝ፣ እሱን አትጠይቀኝ።

ስለ ይስሐቅ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። አባቱ የቆፈራቸውን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን አፈር ሞልተው ደፈኑበት፤ እሱም እንደገና ቆፈረ። በአንደኛው ተጣሉት፣ ትቶላቸው ሄደ፤ በሁለተኛውም ተጣሉት፣ ሄደ፤ በሦስተኛው ማንም አልተጣላውም፣ ሰፊ ቦታ ብሎ ጠራው። ታሪኩ ደስ ይላል። ነገር ግን እኔን ከየትኞቹ ወገን እንደምትቆጥረኝ አልጻፍክልኝም። ይስሐቅ ነኝ እንዳልል የቆፈርኩት የለኝም። ፍልስጥኤማዊ ነኝ እንዳልል አፈር አልሞላሁም፤ ጥላ ነው የሞላሁት። ጥላ ውሃ ይደፍናል እንዴ? ይህን ሳስብ ሁለት ጊዜ ላሟን ሳላልብ ቀረሁ።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ከምንጯ በላይ ያለውን ተራራ ዛሬ ብታየው አታውቀውም። ሰው ገብሱን ትቶ ለከሰል የሚሆነውን የፈረንጅ ግራር ተክሏል። የሽባባው መሬት ሙሉ እሱ ነው። ያ ሁሉ ዛፍ አፉን ዘግቶ ነው የቆመው? ዝናቡም ዘንድሮ ከነሐሴ ጀምሮ ጀርባውን ሰጥቶናል፤ በሬዲዮ የሚወራው ሁሉ ድርቅ ነው። ታዲያ ምንጯን የጠጣት ማን ነው? ሰማዩ ነው፣ ተራራው ነው ወይስ የአንዲት ሴት ዛፍ? ስጠይቃቸው ሁሉም አንድ ላይ ይናገራሉ፣ እኔም የሰማሁት ይምታታብኛል። ሀይማኖት «ሁሉም ነው፣ አባባ» አለችኝ። ሁሉም ከሆነ ከእኔ ለምን ይጀመራል?

ምንጯ እኮ አልደረቀችም፤ ቀጠነች እንጂ። ሰውም ሲያረጅ ይቀጥናል፤ የዚህ ሰው ዘመድ ይቆረጥ አይባልም።

ለበዓሉ እንኳን አደረሰህ። ሌላ ወሬ የለም።

ይሄነው

---

ጎንደር፣ የካቲት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ይሄነው

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። እንደምን ሰነበቱልኝ።

ከጥምቀት በኋላ የላኩልኝን ብጣሽ ወረቀት አየሁ፤ ስለ ጥጃዋ ብቻ ነው። ጥጃዋ መጥባቷን ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ። ሙሄ ግን ድንቹን ሲያራግፍ በጆሮዬ ጮኾ ሌላ ነገር ነገረኝ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማ። ታቦቱ ዘንድሮ ቀጨሞ አልወረደም አለኝ። ለምን ብለው «እሱ የእናንተ ነው፣ ጋሽ ይሄነውን ጠይቃቸው» ብሎ መኪናውን አስነሣ። ከሙሄ አፍ ከምሰማው ከእርስዎ እጅ ባነበው እወድ ነበር። ከእኔ ምን ይደበቃል? የእኅቴ ቤት አይደለም ወይ?

ከየትኛው ወገን ልቆጠር ብለው ለጻፉልኝ፣ እኔ ሰው የምቆጥር አይደለሁም። አንድ ነገር ግን ሳስብ ሰነበትሁ። ዕብራውያን የተጠሙ ሕዝብ ናቸው። አገራቸው ደረቅ ነው፤ ጉድጓድ ለልጅ የሚወረስ፣ ጦር የሚያማዝዝ ነበር። ስለዚህ እግዚአብሔርን ሲያመሰግኑት የሕይወት ምንጭ አሉት፤ ሲናፍቁት ወደ ውኃ ምንጭ እንደምትናፍቅ ዋላ ሆኑ፤ ሲበድሉትም በኤርምያስ አፍ፣ ምንጩን ትተው ውኃ የማይዝ የተነደለ ጉድጓድ ቆፈሩ ተባሉ። እኛ ውኃ የተረፈን ሰዎች ስለ ውኃ ያልነው ምንድን ነው? «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ» ነው። የፈራነው መብዛቱን ነበር። ያልቃል ብሎ መዝሙር የጻፈልን የለም። ስለዚህ ያንን የዳዊት ቃል እኔ ጎንደር ሆኜ ሳነበው፣ እኅቴም ቀጨሞ ሆና ስትሰማው፣ ሁለታችንም ከዛፉ ሥር የሚሄደውን ውኃ የማያልቅ አድርገን ነው የሰማነው። ዘማሪው ግን ስለ ዛፉ ሲዘምር ውኃው ብርቁ ነበር።

የሆነውን ይጻፉልኝ። አይቆጡ።

ስማቸው

---

ዘንገና አጠገብ፣ የካቲት 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ስማቸው

ሙሄ አፉ ከመኪናው ይሰፋል። ነገርኩት፤ «እኔ የጫንኩትን አራገፍኩ» አለኝ። ተቆጥቼ አልደበቅኩህም። የምጽፍበት ቃል ጠፍቶብኝ ነው።

በየዓመቱ ወጣቶቹ ከምንጯ በታች በሣርና በጭቃ ይገድባሉ፣ ለከተራ ሞልቶ ያድራል፣ ካህናቱ ይባርኩታል። ዘንድሮም ገደቡ። ጠበቁ። የተጠራቀመው ጭቃ ነው፤ ዳክዬ አይዋኝበትም። ካህናቱ ተማክረው ታቦቱን ወደ ዘንገና ሐይቅ አዞሩት። እኔ አልሄድኩም። በእኔ አጥር ሥር ሲያልፉ ቆሜ አየሁ። ሽባባው አላየኝም። አይቶኛል፣ ፊቱን አዞረ።

ሲያልፉ አንድ ዲያቆን ያንን የጥምቀቱን ቃል ይዞ ነበር፤ ባሕር አየች ሸሸችም፣ ዮርዳኖስም ወደ ኋላው ተመለሰ የሚለውን። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ ደስ ብሎኝ አጨብጭቤለታለሁ። ያን ቀን ግን እጄ አልተነሣም። ምን አይታ ነው የሸሸች? የጌታን ፊት አይታ ነው ትለኛለህ፤ አውቃለሁ። እንግዲያው ታቦቱ ሊመጣ መሆኑን አይታ ሸሽታ እንደሆነ ደስ ሊለን ይገባል፤ ማንም ደስ አላለውም። ወይስ እኔን አይታ ነው? እኔን ስታይ ስንት ዘመኗ፣ ለምን ዘንድሮ ሸሸች? ይህን ለቄሱ ብጠይቅ ይቆጡኛል ብዬ ለአንተ አስቀመጥኩት።

እንቆርጣለን ያሉት አልቆረጡም። ሽባባው መጥቶ እንዲህ አለኝ፤ «እኛ አንነካውም። የእማማ እታለማሁን እጅ በመጥረቢያ አንመታም። ራስዎ እስኪቆርጡ ግን ከእድሩ ውጭ ነዎት።» ቢመቱት ይሻለኝ ነበር። ቢመቱት እጣላቸዋለሁ፤ አሁን ከማን ጋር ልጣላ?

ውሃው በተራ ሆኗል። ጀሪካኔን ይዤ ወርጄ ከሰልፉ ቆምኩ። ምህረቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሽ ይሄነው፣ እርስዎ እኮ ተራ የለዎትም።»

«ለምን ቢባል?»

«ዛፎችዎ ሲቀዱልዎት አድረዋል።»

እኔ ለሽባባው መልስ የማላጣ ሰው፣ ከአንዲት ጎመን ሻጭ ፊት ባዶ ጀሪካን ይዤ ተመለስኩ። ወደ ኋላ ሆና በአገውኛ አንድ ነገር ጨመረች፤ አገውኛ ቢገባኝም እንዳልሰማሁ ሄድኩ። አሁን በአህያ ከዘንገና ነው የማመላልሰው። አህያዋም እኔም እናነክሳለን።

እነዚያ ዛፎች ሥር ተቀምጬ ስውል ሲነፍስ ድምፃቸው የሰው ይመስለኛል። ከዚያ ብድግ ብዬ ጭቃውን አየዋለሁ። ከዚያ ደግሞ እቀመጣለሁ። የጽድቅ ሥራ ሰው ያስጠማል እንዴ? እህትህ ክፉ አልሠራችም። ክፉ ካልሠራች ይህ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ወዲህም ወዲያም ባደርገው የሚይዝበት ቦታ አጣሁለት።

አንተ ወንድሟ ነህ። ቁረጥ ብለህ ጻፍልኝ፤ ወይም አትቁረጥ ብለህ ጻፍልኝ። ማኅተሙን ተወው። የጻፍከውን አደርጋለሁ።

ይሄነው

---

ጎንደር፣ መጋቢት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ይሄነው

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ዐይኔም ጆሮዬን መከተል ጀምሯል፤ የመጨረሻ ደብዳቤዎን ተማሪ አነበበልኝ። ለሚቀጥለው ፊደሉን አግዝፈው ይጻፉልኝ፤ በራሴ ዐይን ላንብበው።

ቁረጡም አትቁረጡም ብዬ አልጽፍም። ቁረጡ ብል ዛፉን የጣለው መሪጌታ ስማቸው ይሆናል። አትቁረጡ ብል ምህረቴን ያስጠማት መሪጌታ ስማቸው ይሆናል። እርስዎ የሚፈልጉት ይህን ይመስለኛል፤ ሁለቱም እርስዎ እንዳይሆኑ። ቢቆጡኝም ይህን ሳልጽፍ ብቀር ከእኅቴ ፊት አፍራለሁ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል እግዚአብሔር በጎቹን ሲወቅስ ጽፏል። እረኞቹን ወቀሰ፤ ከዚያ ወደ በጎቹ ዞረ። የጠራውን ውኃ መጠጣታችሁ አነሰና የቀረውን በእግራችሁ ታደፈርሳላችሁን አላቸው። ያስገረመኝ፣ የተወቀሱት ተኩላዎች አይደሉም። በግ ናቸው፤ የእርሱ ናቸው፤ የጠጡትም የተፈቀደላቸውን ነው። ጥያቄው ከኋላ ለሚመጣው ምን ቀረ የሚል ነው።

እኅቴ ክፉ አልሠራችም። ቅሏን ይዛ ስትወርድ በዐይኔ ይታየኛል። የዘማሪው ቃል የዛፉን ስም አይጠራም። እኔም ያን ጊዜ አልጠራሁላትም፤ እሷም አልበደለችም። በጎ ነገር ግን ሲተከል በጎ ሆኖ፣ ሲያድግ ሌላ ሊሆን ይችላል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል። መጻሕፍቱን ገልጬ ሰነበትሁ። የሚመልስልኝ ገጽ አላገኘሁም።

መልካም ጾም ይሁንልዎ።

ስማቸው

---

ዘንገና አጠገብ፣ ሰኔ 25 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ስማቸው

እንዳዘዝከኝ አግዝፌ እየጻፍኩ ነው። ወረቀቱ ቶሎ ያልቃል፤ ስለዚህ ስድቤን አሳጥሬያለሁ። ያለፈው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ቀድጄ ልጥለው አስቤ ነበር። አልቀደድኩትም። ዝም ያልኩህ ግን ሆን ብዬ ነው።

ዛፎቹ ተቆርጠዋል። ፋሲካ አልፎ በሳምንቱ መጥረቢያዬን ስዬ ወረድኩ። ለማንም አልነገርኩም፤ ድምፁን ሰምተው መጡ። ሽባባው «ይተዉት ጋሼ፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አለ። አትንካ አልኩት። በኋላ ክንዴ እምቢ ሲለኝ ራሴ መጥረቢያውን ሰጠሁት፤ ተቀብሎ ሲመታ ኮፍያውን አወለቀ። እንጨቱ ለከሰል እንዳይሄድ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ይሁን አልኩ፤ ተስማሙ። ሲጨርሱ ሽባባውን «የእኔ አለቀ፤ የተራራውስ ግራር?» አልኩት። አገጩን አከከ። «እሱ ጉሮሯችን ነው፣ ጋሼ» አለ። «ይሄም ጉሮሯችን ነው» ብዬ ጭቃውን አሳየሁት። ስብሰባ እንጠራለን ብሎ ሄደ። እስካሁን እየተጠራ ነው። በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ፤ ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀምሯል።

አሁን ግራ የገባኝን ልጻፍልህ። በማግስቱ ተነሥቼ ውሃው ይንፎለፎላል ብዬ ወረድኩ። ያው ጭቃ ነው። በሳምንቱም ያው ነው። ጥላ የለ፣ ውሃ የለ። ተቀምጬ ሳለ ሀይማኖት መጣች። ምድር ቶሎ አትመልስም፣ ጊዜ ይስጧት፣ ክረምቱም ይግባ አለችኝ። ስንት ጊዜ ብላት አላውቅም አለች። አላውቅም ማለቷን ወደድኩላት። ከዚያ «ጉቶውን ግን ይጠብቁት፣ አባባ» ብላኝ ሄደች። ከጉቶ ምን ይጠበቃል ብዬ ሳቅኩ።

ግንቦት ሲያልቅ ካፊያ ጣለ። ጉቶው ሁሉ አቆጠቆጠ። ሰማያዊ የሚመስል ለጋ ቅጠል፣ ልክ እሷ ከጥሊሊ ይዛው እንደ መጣችው ችግኝ። በሕማማት ኢዮብ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ዛፍ ቢቆረጥ ተስፋ አለው፣ ጉቶው በአፈር ውስጥ ቢሞት እንኳ ከውሃ ሽታ የተነሣ ያቆጠቁጣል፤ ሰው ግን ከሞተ የት አለ ይላል። ያን ጊዜ ስሰማ ያለቀስኩት ለሰውዬው ክፍል ነው። አሁን የዛፉ ክፍል ነው እንቅልፍ የነሣኝ። እኔ የማላሸትተውን ውሃ ጉቶው አሽትቶታል ማለት ነው? እንግዲያው ውሃው አለ፣ ቅርብ ነው፤ ደስ ይበለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ያቆጠቆጠውን መስበር አለብኝ፤ ካልሰበርኩ መልሶ ይጠጣዋል። ተስፋውን ያሳየኝን ነው የምሰብረው። መሪጌታ፣ ይህ በየትኛው መጽሐፍ አለ?

በየጠዋቱ እወርዳለሁ። በእጄ ነው የምሰብር፤ በመጥረቢያ አልሆነልኝም። ቀስ ብዬ ነው፣ ለምን ቀስ እንደምል አላውቅም። በማግስቱ ሌላ አለ። ጠረኑ ከጣቴ አይለቅም፣ እንጀራ ስቆርስም አብሮኝ ይቆርሳል። አንዳንድ ቀን እየገደልኩ ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን እየኮተኮትኩ። ልዩነቱን የሚነግረኝ ሰው የለም። አንዱን ቡቃያ ሳልሰብር አሳደርኩት፤ በነጋታው ሰበርኩት። ይህን ለሽባባው አልነገርኩትም።

ዝናቡ ከገባ ወዲህ ምንጯ ትንሽ ላብ ላብ ብሏታል። ዝናቡ ይሁን እሷ ትሁን አይታወቅም፤ በጥቅምት እናየዋለን። ምህረቴ ትናንት በደጄ ስታልፍ «ጀሪካንዎን ይዘው ይምጡ» አለችኝ። አህያዋን ፈታሁና ሄድኩ። ተራዬ ከሁሉም ኋላ ነው፤ ከሕፃናቱም ኋላ። ቆምኩ። የእኔ ደርሶ ጎንበስ ስል ውሃው ሲቀዱ ደፍርሶ ጠበቀኝ።

«ይቅዱ እንጂ፣ ጋሼ» አለችኝ ምህረቴ።

«እስኪጠራ» አልኳት። ጀሪካኔን አጠገቤ አስቀምጬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም የራሷን ሞልታ ሳለ አልሄደችም።

ይሄነው አዝመራው